ሳህኑ ይዙር!

ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እየቆረጥን ሱሺ ሲባል ፊታችንን ለምናጨማድድ ሰዎች፦ ዛሬ የማወራው ስለ ዓሣው አይደለም፣ ስለ ሳህኑ ነው።

ጃፓናዊው ዮሺያኪ ሺራይሺ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ በማጓጓዣ ሲሄድ አየና በ1958 እ.ኤ.አ. ኦሳካ አጠገብ ሱሺውን እንደዚያው አዞረው። ከዚያ ወዲህ ኪሱ ሳሳ ያለ ሰው አስተናጋጅ ጠርቶ ዋጋ መጠየቅ ቀረለት። በብዙዎቹ ቤቶች ዋጋው በሳህኑ ቀለም ይታወቃል። ያማረህን ታነሳለህ፤ ሲበቃህ ባዶ ሳህኑ ይቆጠርና ትከፍላለህ። ሁለት ሳህን ብቻ በልተህ ብትነሳ ማንም አይገላምጥህም። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

በ2023 አንድ ልጅ የሶይ ሶስ ጠርሙስ ሲልስ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨና ሰዉ ደነገጠ። ማዞሩን ትተው በስክሪን ትዕዛዝ ብቻ የሚሠሩ ቤቶች በዙ። የንጽህናው ጉዳይ ይገባኛል። ግን እኮ ኩራ የሚባለው ቤት ሳህኑን በክዳን ሸፍኖ ያዞራል፣ ይቻላል ማለት ነው! ስክሪን ላይ ሰው የሚያዘው የለመደውን ነው። ሲዞር ግን ስሙን እንኳን የማታውቀው ነገር ፊትህ ይመጣል፣ ትሞክረዋለህ፤ ካልጣመህ የከሰርከው የአንዲት ትንሽ ሳህን ዋጋ ነው።