ጧሪ ቀባሪ የሌለው ማን ነው?

በቋንቋችን የእርጅናን ነገር ጠቅልሎ የሚናገር አንድ አባባል አለ፤ እርሱም «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ነው። የወለደ ሰው «ጧሪ ቀባሪ አለኝ» ብሎ ይጽናናል፤ ያልወለደም «ጧሪ ቀባሪ አታሳጣኝ» እያለ ይጸልያል። አባባሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ሽማግሌን መጦርንና ሬሳን መቅበርን፣ እነዚህን ሁለት ታላላቅ የማኅበር ሥራዎች፣ በልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ ጭኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ ልጅ የሌለው ሰው በማን ይጦራል?

ጥያቄውን ከአንድ አገር ጋር አያይዘን እንመልከተው። ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ኩልመስክን ያገኛል። ይህ አካባቢ ልጆቹን በየጊዜው ያጣ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን መታ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የከፋው መጣ። በዚያው ዘመን ለሰፈራ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ከተወሰደው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ መካከል ወሎዬው ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህም ወጣቱ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሣ። በ1965 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰባን አልፎታል። ከወለዳቸው ውስጥ ስንቱ በአጠገቡ እንደ ቀረለት እርሱ ያውቃል።

ለእንዲህ ያለው ሽማግሌ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያገኘው ጡረታ የለውም። ያለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቅሬ፣ ሁለተኛው ሴፍቲኔት። ቅሬ በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሴፍቲኔት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ሲሆን፣ ጉልበት ያለውን በእርከንና በመንገድ ሥራ ያሠራል፤ ሽማግሌውንና አካለ ስንኩሉን ግን ያለ ሥራ ይረዳል። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው። ሆኖም ሁለቱን የሚያመሳስል አንድ ጠባይ አለ፤ በሁለቱም ቁልፉ ያለው በጎረቤት እጅ ነው። ቅሬ የጎረቤት ማኅበር ነው። ሴፍቲኔትም ቢሆን ተረጂው የሚለየው በቀበሌው ሕዝብ ፊት፣ በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ነው። ስለዚህ ጎረቤት ያከበረው ይመዘገባል፤ ጎረቤት የሸሸው ይረሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት በአቅሙ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ተጽፏል፤ ያ ቃል ግን ከኩልመስክ ጎጆ የሚደርሰው በጎረቤት አፍ በኩል ነው።

ጎረቤት የሚሸሸው ሽማግሌ ማን ነው? «ቡዳ ነው» እየተባለ የሚታማው የእጅ ሠራተኛ አለ። በሥጋ ደዌ የተጎዳው አለ። «መካን» እየተባለች የኖረችው አለች። ያላገባውም አለ። ካላገቡትም መካከል በስድብ ስም ካልሆነ በቀር ስማቸው የማይነሣ፣ ፍቅራቸው ከራሳቸው ጾታ ወገን የሆነ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ሲደርስ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ሰው እንደ ማንኛችንም ያረጃል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ልጅ የሌለው መሆኑና አብሮት የኖረው ሰው በሰፈሩ ዘንድ «ዘመድ» ወይም «ደባል» ከመባል አልፎ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ያ ሰው ሲሞት ሐዘን ቀብቶ የሚቀመጥለት የለም፤ የመሬቱ ደብተርም የባልና የሚስትን ስም እንጂ የእርሱን ስም አይዝም።

የእኛ ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን ይቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይቀጣል። በበኩሌ ሕግ ወደ ሽማግሌ ጓዳ መግባቱ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ከእኔ ጋር የማይስማማው ጓደኛዬም ቢሆን ይህን ያስተውል፦ ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው እንጂ ለተራበ ሽማግሌ እህል አትስፈሩ፣ ሬሳውን አትቅበሩ የሚል አንቀጽ የለበትም። ያንን የጨመርንበት እኛው ነን።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር ስም ወጥቶለት ሥራ ተሠርቶበታል። በ1978 እ.ኤ.አ.፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስ መዝገብ በገቡበት ዓመት፣ በኒው ዮርክ «ሴጅ» የሚባል ማኅበር ለእነዚህ አረጋውያን ተቋቋመ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ትልቅ ሕንፃ ማሠራት አልነበረም፤ ፈቃደኛ ሰዎች ብቻቸውን የቀሩትን ሽማግሎች በየቤታቸው እየሄዱ እንዲጠይቋቸው ማድረግ ነበር። በበርሊን ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ሽማግሎች ከወጣቶች ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ቤት ተከፈተ። እኛ የበርሊኑን ቤት ለመሥራት ገንዘብ የለን ይሆናል። የታመመ መጠየቅ ግን ከውጭ አገር የምንማረው ነገር አይደለም።

«ይህ ባህላችንን ይነካል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ ግን ላስታ ራሷ የምትመልስ ይመስለኛል። በላሊበላ ዙሪያ በየጎጆው የሚኖሩ መነኮሳትና መነኮሳይያት ልጅ የላቸውም፤ ሕዝቡ ግን ይጦራቸዋል፤ ይቀብራቸዋል። ኑሯቸው ከላይ ካነሣሁት ነገር ጋር እንዳይምታታ፤ የምለው ልጅ አልባ እርጅና በዚህ አገር የክብር ቦታ ያለው መሆኑን ነው። ከደጃቸው ምጽዋት የሚያኖር ሰው «ለምን አልወለዳችሁም?» ብሎ አይመረምራቸውም። ይህን ለቆብ የሰጠነውን አለመመርመር ቆብ ለሌለውም ብንሰጠው ባህል አይፈርስም።

ደግሞም «መቄዶንያ አለ አይደለም?» የሚል ይኖራል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ይህ ማእከል ብዙ ሰው ከጎዳና አንሥቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የላስታ ሽማግሌ ከቅሬውና ከደብሩ ተነቅሎ በማያውቀው ከተማ ቢጦር፣ ተጦረ እንጂ በአገሩ አረጀ አይባልም። ሰው የሚያረጀው የአጥቢያውን ደወል እየሰማ፣ ስሙን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ሲሆን ነው።

ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ በየሰፈራችን ጧሪ የሌለውን ሽማግሌና አሮጊት ፈልገን እንጠይቅ፤ ከሴፍቲኔት የተረሳ ካለ ከእርሱ ጋር ሆነን ለቀበሌው እናመልክትለት። ለምን ብቻውን እንደ ቀረ ግን አንጠይቅ፤ የሰውንም ምስጢር በወረቀት አንጻፍ። በእኛ ወረቀት ሰው ሊታሰር ይችላልና።

ሁለተኛ፤ የሕግ ተማሪዎች የኑዛዜን ነገር ያስተምሩ። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ ባለይዞታው መሬቱን ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለሌላ ገበሬም እንዲናዘዝ መንገድ ከፍቷል። ይህን የሚያውቅ ልጅ አልባ ሽማግሌ የሚጦረውን ሰው በገዛ ፈቃዱ መምረጥ ይችላል፤ የመረጠው ሰው ምኑ እንደ ሆነም ለማንም ማስረዳት የለበትም።

ሦስተኛ፤ የቅሬ አባል የሆኑ ወላጆቻችንን እናነጋግር። ቅሬ ባልና ሚስትን እንደ አንድ ቤት እንደሚቆጥር ሁሉ ብቻውን የሚኖረውንም እንደ ሙሉ ቤት ይቁጠረው። አባሉም ገና በሕይወቱ ሳለ ሐዘን ተቀባዩን ራሱ ይሰይም፤ የተሰየመውም ሰው በድንኳኑ ውስጥ የባለቤት ቦታ ይሰጠው።

በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ በፎቶግራፍ አሳይተው ያጋለጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እንደ ነበሩ ሁላችን እንሰማለን፤ እንኮራበታለንም። እነርሱ የሄዱት ሌላው አላየሁም ያለውን ለማየት ነበር። ያን ጊዜ ከሞት የተረፈው ሰው ዛሬ አርጅቶ ከጎጆው ተቀምጧል። አንዳንዱን ልጆቹ ትተውት ሄደዋል፤ አንዳንዱ ከመጀመሪያውም ልጅ አልነበረውም። የሁለቱም ረኀብ አንድ ነው፤ ለመጪው ክረምት የሚያስፈልጋቸውም እንጨትና እህል አንድ ነው።