የቤተ ሰብ ዓምድ፦ በመኪና ላይ ራዲዮ ስለ ማስገጠም

በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው እጅግ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም ፋብሪካው በሠራው የመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ፣ በተለምዶ «ቴፕ» የምንለውን፣ ከገበያ የተገዛ ሌላ ራዲዮ በንጽሕና ስለ ማስገጠም ነው። እኛም ነገሩ ትንሽ መሆኑን ከብዙዎች ጋራ ስናምን ኖረናል። ሆኖም ባለፈው ዓመት በወሩ በ21 ቀን፣ ከየካ ተነሥተን ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ የደረሰብን ነገር አሳባችንን አስለወጠን። ስለዚህ የኛ ስሕተት ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆነው ዘንድ እንዲህ ጽፈነዋል።

መኪናችን በከተማችን በብዛት ከሚታዩት ትናንሽ ቶዮታዎች አንዷ ናት። ወደ እጃችን የገባችው ሌላ ሰው ከተገለገለባት በኋላ ነው። በውስጧ የነበረው ራዲዮ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ከአዲስ አበባ ጣቢያዎች አብዛኛዎቹን አያሰማም ነበር። ይህም የራዲዮው ጉድለት አልነበረም። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ቀደም ብለው የተሠሩት ራዲዮዎች በ90 ላይ ያበቃሉ። በአገራችን ግን፣ እንደ ብዙው ዓለም፣ ሥርጭቱ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ሸገር በ102.1 ሲናገሩ የኛ ራዲዮ ከዚያ በታች ቆሞ ይቀር ነበር።

ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአንቴናው መስመር ላይ ትንሽ መለወጫ ማስገባት ነው። ይህ መሣሪያ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ለምሳሌ 20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ቢሆን፣ 102.1 የነበረው ጣቢያ በ82.1 ላይ ይሰማል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ዳሽቦርዱም አይነካም። ዜናና ስብከት መስማት ብቻ ለሚበቃው ቤተ ሰብ ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም። ሁለተኛው መንገድ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ራዲዮ መተካት ነው። ልጆቻችን ከስልክ ጋራ የሚገናኝ፣ ሰፊ መስታወት ያለው ራዲዮ ስለ ለመኑን እኛ ሁለተኛውን መረጥን። በመምረጣችን አላጠፋንም፤ ያጠፋነው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ባለመጠየቃችን ነው።

የገጠመልን ሰው ሥራውን የፈጸመው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነበር። የራዲዮው ፊት ያበራል፤ ድምፁም ያማረ ነው። በግራና በቀኝ የቀረችውን ክፍተት በጥቁር ስፖንጅ ስለ ደፈናት ከሩቅ ለሚያየው ምንም ጉድለት አይታይበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራዲዮው ድንገት ጠፋ። ወደ ሰውየው ብንወስደው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አብርቶት፣ «ገንዘብ አልቀበልም» ብሎ ሸኘን። እኛም ቅንነቱን አመስግነን፣ ምን እንደ ሠራ ሳንጠይቀው ሄድን።

በዚያ በ21ኛው ቀን ማለዳ በመኪናዋ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ከኋላ የተቀመጡት አረጋዊት እናታችንና ሁለቱ ልጆች ናቸው። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን እንደ ተያያዝነው እናታችን፣ «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉ። እኛም፣ «እማዬ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ነው» ብለን አለፍነው። በእንጦጦ ሥር በማለዳ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚያነድ ሰው ስለማይጠፋ፣ የተናገርነው እውነት መስሎን ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ግን እናታችን ደግመው፣ «ይህስ የቅጠል አይደለም፤ የላስቲክ ሽታ ነው» አሉ። ወዲያውም በስፖንጅ ከተደፈነው ክፍተት ቀጭን ጭስ መውጣት ጀመረ።

መኪናዋን ዳር አስይዘን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ልጆቹንና እናታችንን አወረድናቸው። ቁልፉ ተነቅሎም ጭሱ አልቆመም። የቆመው አንድ የታክሲ ሹፌር ሁኔታችንን አይቶ፣ መፍቻ ይዞ በመሮጥ የባትሪውን ኔጌቲቭ በፈታልን ጊዜ ነው። በመኪናችን ውስጥ እሳት ማጥፊያ አልነበረም። እናታችን ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ልጆቹን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ በመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። እኛም የመጀመሪያውን ቃላቸውን ሰምተን ቢሆን ኖሮ እያልን አፈርን።

መኪናዋ ተጎትታ ወደ የካ ከተመለሰች በኋላ፣ በሾላ ገበያ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዳሽቦርዱን በፊታችን ፈታው። ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፣ «አባባ፣ ይህን የሠራው ሰው የሚታየውን ብቻ ነው የሠራው» አለን። ከዚያም አንድ በአንድ አሳየን። የፋብሪካው ሶኬት ተቆርጦ ተጥሏል። ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለዋል። የኤሌክትሪኩ ዋና ሽቦ በተቆረጠ ስለታም ብረት ላይ ተጋድሞ፣ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቍጥር ልባሱ ሲፋቅ ኖሯል። ከሁሉ የከፋው ግን በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ነው፤ ፊውዝ ይገባበት በነበረው ቦታ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ ተሰክቷል። ያች የአምስት ደቂቃ ነጻ ጥገና ይህች ነበረች!

ፊውዝ ማለት ከሚገባው በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ በመጣ ጊዜ ራሱ ቀልጦ መሥመሩን የሚቆርጥ ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው ፊውዝ የተቃጠለው ሽቦው ከብረቱ ጋራ መነካካት ስለ ጀመረ፣ ማለት ሊያስጠነቅቀን ነበር። እኛ ግን ዘበኛው እንዲባረርልን አደረግን።

እንግዲህ ከወጣቱ ባለሙያ የተማርነውንና ከዚያም ወዲህ መርምረን የተረዳነውን ለአንባብያን በተራ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ልክን ማወቅ ያሻል። የመኪና ራዲዮ መጠን «ዲን» በሚባለው ከጀርመን በመጣ መመዘኛ ይነገራል። ነጠላው ዲን 180 ሚሊ ሜትር ወርድና 50 ሚሊ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ድርቡ ዲን 180 በ100 ነው። የብዙ ቶዮታዎች የፋብሪካ ቀዳዳ ግን 200 በ100 ነው። ስለዚህ ባለ 180ው ራዲዮ ሲገባ በግራና በቀኝ የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ይህን የሚሸፍን ለየመኪናው ዐይነት የተሠራ የፕላስቲክ ፍሬም በገበያ አለ፤ ወይም ከመነሻው 200 የሆነ ራዲዮ መግዛት ይቻላል። ልኩን አስቀድሞ የለካ ሰው ስፖንጅም መጋዝም አያስፈልገውም። በተለይም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ አንዳንድ መኪናዎች ዳሽቦርዳቸው አንድ ጊዜ የተነካ ስለ ሆነ፣ ሳይለኩ መግዛት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ በ10 ቍጥር መፍቻ ይፈታ። የአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢት ያላቸው መኪናዎች ኤሌክትሪካቸው እስኪበርድ ቢያንስ 90 ሰከንድ መታገሥ ያስፈልጋል። የዳሽቦርዱ ሽፋን የሚነሣው በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ነው፤ እርሱ ከሌለ ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠቅልሎ በዝግታ መሥራት ይሻላል። ፕላስቲክ በብርድ ጊዜ ይሰበራል፤ በየካና በእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች የኅዳርና የታኅሣሥን ማለዳ እናውቀዋለንና፣ መኪናዋ ፀሐይ ሞቃ ከረፋዱ በኋላ ቢጀመር መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የፋብሪካው ሶኬት በማናቸውም ምክንያት አይቆረጥ። በአንድ በኩል ከመኪናው፣ በሌላው በኩል ከአዲሱ ራዲዮ ጋራ የሚገጥም መካከለኛ ሶኬት ይሸጣል። ከአዲሱ ራዲዮ የሚወጡት ሽቦዎች ቀለማቸው በአብዛኛው አንድ ዐይነት ነው። ቢጫው ዘወትር ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፤ ቁልፉን ብንነቅልም ጭሱ ያልቆመው በርሱ ምክንያት ነበር። ቀዩ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ይሠራል። ጥቁሩ ወደ መኪናው አካል የሚታሰር ኔጌቲቭ ነው። ነጩና ግራጫው ለፊተኞቹ፣ አረንጓዴውና ሐምራዊው ለኋለኞቹ ስፒከሮች ናቸው። ሰማያዊው፣ የአንቴና ማጉያ ላላቸው መኪናዎች፣ ለማጉያው ኃይል የሚሰጥ ነው፤ እርሱ ከተዘነጋ ራዲዮው ጥሩ ሆኖ ሳለ ጣቢያዎቹ ይደክማሉ። ቢጫውና ቀዩ ቢለዋወጡ ራዲዮው የመዘገባቸውን ጣቢያዎች ሞተሩ በጠፋ ቍጥር ይረሳል። ሁለቱ በአንድነት ከዘወትሩ ኤሌክትሪክ ጋራ ቢታሰሩ ደግሞ ባትሪው ሌሊቱን ሊያልቅ ይችላል። የመኪናው ሽቦዎች ቀለም ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ ባለሙያው በግምት ሳይሆን በቴስተር ለክቶ ያገናኝ። መገናኛውም በብየዳ ወይም በመጭመቂያ ተጣብቆ፣ በሚገባ ተሸፍኖ ይታሰር።

አራተኛ፣ የፊውዙ ቍጥር አይጨመር። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ በ12 ቮልት ላይ የሚያሳልፈው 120 ዋት ያህል ነው። በካርቶኑ ላይ «4 ጊዜ 50 ዋት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ የአንድ ቅጽበት ከፍተኛ ኃይል እንጂ የዘወትሩ አይደለም። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ የሚፈለገው ትልቅ ፊውዝ ሳይሆን የችግሩ ምክንያት ነው።

አምስተኛው የኅሊና ጉዳይ ነው። መስታወት ያላቸው ራዲዮዎች መኪናው ሲሄድ ፊልም እንዳያሳዩ ከእጅ ፍሬን ጋራ የሚገናኝ አንድ ሽቦ አላቸው። አንዳንድ ገጣሚዎች ይህን ሽቦ ከኔጌቲቭ ጋራ አስረው መከልከያውን ያጠፉታል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሹፌሩ ዐይኑን ከመንገድ አንሥቶ በመስታወት ላይ ቢያሳርፍ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት ምን ሊሆን እንደሚችል መናገር አያሻንም። ሽቦው በቦታው ይታሰር፤ ልጆችም ምክንያቱን ይወቁት።

በመጨረሻም ዳሽቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉ ነገር ይፈተን፦ መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ የአየር ማሞቂያው፣ እያንዳንዱ ስፒከር። ከኋላ የሚቀሩት ሽቦዎች በጨርቅ ናስትሮ ተጠቅልለው፣ ከመሪው ዘንግና ከስለታም ብረት ርቀው ይታሰሩ። የወጣው አሮጌ ራዲዮም ከነብሎኑ በቤት ይቀመጥ፤ ነገ መኪናዋ ብትሸጥ ወይም አዲሱ ቢበላሽ ይፈለጋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን መኪና ሳይጎዱ ማቆየት ለብዙ ቤተ ሰብ ግዴታ ሆኗል።

ውድ አንባብያን፤ ወጣቱ ባለሙያ በዚያ ቀን ሥራውን ሲፈጽም ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። ራዲዮው ተመልሶ ሲገጠም፣ ከፊት ለፊት ለሚያየው ሰው፣ ከክፍተቱ መጥፋት በቀር ከቀድሞው የተለየ ነገር አልነበረውም። የከፈልነው ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል፤ ያለ ቅሬታም ከፍለነዋል፤ ዋጋው የተከፈለው በዐይን ለማይታየው ሥራ መሆኑን በመንገድ ዳር ቆመን ተምረናልና። ስለዚህ ሥራ ለባለሙያ ስትሰጡ፣ «ስንት ያስከፍላል? መቼ ያልቃል?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ሶኬቱን ትቆርጠዋለህን? ፊውዙ ስንት ነው? ከመዝጋትህ በፊት ውስጡን ታሳየኛለህን?» ብላችሁ ጠይቁ። ደኅና ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እንደ ገና በወሩ በ21 ቀን፣ ያንኑ ዳገት ወጣን። አሁን በፊተኛው ወንበር ሥር እሳት ማጥፊያ አለ። ሽሮ ሜዳን ስናልፍ እናታችን፣ «ዛሬስ የባሕር ዛፉ ጭስ ነው» አሉ። እኛ ግን ራዲዮውን ዘግተን፣ መኪናዋን አቁመን፣ ወርደን ካሸተትን በኋላ ነው መንገዳችንን የቀጠልነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላልና ያገራችን ሰው።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።