«በቃኝ» ያለን ሰው

ያኔ ሎስ አንጀለስ ነበርኩ። አክስቴ የኩላሊት እጥበት ስትጀምር የምትኖረው እኔ ዘንድ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሳይነጋ እቀሰቅሳታለሁ፤ ጋቢ ደርቤላት መኪና ውስጥ አስገባታለሁ፤ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ያህል ስትቆይ እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ ለምን እንደማረፍድ ለአለቃዬ እጽፋለሁ። በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ሐኪሟ ፊት ቁጭ ብለን ሳለ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ «እንግዲህ በቃኝ» አለች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እንደ ወትሮዬ ተረጎምኩለት። «ማቆም ትፈልጋለች» አልኩት።

እጥበት ማቆም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሞት ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ ግን የሚፈረም ወረቀት አላወጣም። «አንተ እባክህ ውጭ ጠብቀን» አለኝና በስልክ አስተርጓሚ አስጠራ። ሃያ ደቂቃ ኮሪደር ላይ ቆሜ ተቃጠልኩ። የአክስቴን አማርኛ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቀው ነው? ኋላ ራሷ እንዳወራችኝ፣ አስተርጓሚዋ የሐኪሙን ጥያቄ ያደረሰቻት እንዲህ ብላ ነው፦ «እማማ፣ ምኑ ነው የበቃዎት?» አክስቴም «ልጁ በእኔ የተነሳ ከሥራው ሊባረር ነው» አለቻት።

ለካ የበቃት የእኔ መመላለስ ኖሯል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሕክምና መድኗ መኪና ይልክላት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖረች፤ የእህቴንም ሠርግ አየች።

ሰሞኑን በሐኪም እገዛ ስለሚፈጸም ሞት የወጡ ሕጎችን ሳገላብጥ ያ ኮሪደር ትዝ አለኝ። በየአገሩ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ታማሚው «ልሙት» ያለው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን፣ ማንም እንዳላስገደደው በምን እናውቃለን?

እኛ ዘንድ «በቃኝ» የመጨረሻ ቃል ሆኖ አያውቅም። ገበታ ላይ የቀረበ እንግዳ ሳይጠግብ በቃኝ ይላል፤ ባለቤቲቱም ጠባዩን ስለምታውቅ «በሞቴ» ብላ ትጨምርለታለች። ሰውየው እምቢ የሚለው የቤቱን ጓዳ አስቦ ሊሆን ይችላል። ስሙ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው አስገዳጅ አያሻውም፤ ማንም ሳይናገረው ራሱን ከመሶቡ ያርቃል። የቤቱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ቢያነሳበት ማንም አስገድዶት አይደለም፤ ግን እየራበው ይሄዳል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ፈር የቀደደችው ኦሪገን ናት። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1994 በድምፁ አጸደቀው፤ በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። ሌሎቹ ግዛቶች ዛሬም የሚቀዱት የእሷን አጥር ነው። ታማሚው ከ6 ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው። ራሱ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቃል። ጽሑፉ ላይ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ቢያንስ አንደኛው ዘመድም፣ ወራሽም፣ የሚታከምበት ተቋም ሠራተኛም መሆን የለበትም። መድኃኒቱን የሚወስደው በገዛ እጁ ነው። አስገድዶ ያስጠየቀው ሰው በከባድ ወንጀል ይጠየቃል።

አጥሩ የታጠረው አንድ በደንብ የምናውቀውን ሰው ለመከላከል ነው፦ ቤቱን ለመውረስ የቸኮለውን ልጅ። እንዲህ ያለ ልጅ በእርግጥ አለ፤ አጥሩም ያስፈልጋል። ሆኖም የኦሪገን የጤና ባለሥልጣን በየዓመቱ የሚያወጣውን ሪፖርት ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ሐኪሞቹ ታማሚዎቻቸውን ያሳሰባቸው ምን እንደነበር ይሞላሉ። ከ10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ራሳቸውን ችለው መኖር እያቃታቸው መሄዱን ያነሳሉ። ለቤተሰብና ለአስታማሚ ሸክም መሆንን የሚያነሱት ከ10 ከ4 በላይ ናቸው። ሕመምን ወይም የሕመም ስጋትን የሚያነሱት ከእነዚህ ያንሳሉ። ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ የሚላኩት ደግሞ በዓመት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሸክም እሆናለሁ ያለ ሁሉ ተገዷል ማለቴ አይደለም። ሰው በራሱ ክብር የሚወስነውና በይሉኝታ የሚወስነው አንዱን ቅጽ በአንድ ዓይነት ቀለም እንደሚሞሉት ግን አልጠራጠርም። ምስክሩ የሚመሰክረው ስለ ፊርማው ነው። ፊርማው ከየት እንደመጣ አያውቅም።

በዚያ ላይ መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ ሕጉ ደጅ ይቀራል። ኦሪገን ውስጥ ታማሚው ሲወስደው ሐኪም አጠገቡ እንዲኖር ግዴታ የለም። በጠየቀበት ቀን የነበረው ፈቃድ በወሰደበት ቀንም እንደነበረ የሚያረጋግጥ የለም ማለት ነው።

እንግሊዞች ደግሞ አጥሩን ከፍ ለማድረግ ሞክረዋል። ኪም ሌድቢተር የተባሉት የፓርላማ አባል ለእንግሊዝና ለዌልስ ያቀረቡት ረቂቅ መጀመሪያ እያንዳንዱ ጥያቄ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ እንዲታይ ይል ነበር። በኋላ ዳኛው ወጥቶ የሕግ ባለሙያ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ያሉበት የሦስት ሰዎች ጉባዔ ተተካበት። አስገድዶ፣ ተጭኖ ወይም አታሎ ሰውን ያስጠየቀ እስከ 14 ዓመት እስር እንዲቀጣ ተጻፈ። የታችኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2025 በ314 ለ291 አሳለፈው። ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሲሄድ የቀረበው የማሻሻያ ሐሳብ ከ1,000 በለጠ። አሥራ አራት ዓመት ቀላል ቅጣት አይደለም። ግን ለመቅጣት ተከሳሽ ያስፈልጋል። ይሉኝታን በየትኛው አድራሻ መጥሪያ ትልኩለታላችሁ?

ግፊቱ ከቤተሰብ ብቻ የሚመጣም አይደለም። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ እርዳታ ፍለጋ ለደወሉ የቀድሞ ወታደሮች ሳይጠይቁት ይህን ሞት እንደ አማራጭ ማንሳቱ ታውቆ አገር ጉድ ብሏል። ሠራተኛው ማንንም ላያስገድድ ይችላል። ይሁንና ለሕክምናና ለድጎማ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መንግሥት ራሱ «ይህም አለልህ» ሲለው ምን ይሰማዋል? ገበታ ላይ ላለው እንግዳ ባለቤቱ ኮፍያውን እንደማቀበል ነው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጓን ስታወጣ ይህን አስባበታለች፤ ታማሚው ራሱ ካላነሳው ሐኪሙ ጉዳዩን እንዳያነሳ ከለከለች።

በእኔ ግምት ግን ከአንቀጾቹ ሁሉ ፍሬ ያላቸው ጋዜጣ ላይ እምብዛም የማይጻፉት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ የሚሠራበት የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ሐኪሙ ታማሚውን ከአስተርጓሚ በስተቀር ማንም በሌለበት ለብቻው እንዲያነጋግረውና ተገዶ እንደሆነ እንዲያጣራ ያዛል። አስተርጓሚው ደግሞ በደምም በጋብቻም ዘመድ፣ ወይም የውርስ ተካፋይ መሆን አይችልም። የቪክቶሪያም ሕግ እንዲሁ ነው፤ አስተርጓሚው ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንጂ ቤተሰብ እንዲሆን አይፈቅድም።

ይህ አንቀጽ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። በሐኪም እገዛ መሞት የተፈቀደባቸው ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ዋሽንግተን ዲሲና የዋሽንግተን ግዛት አማርኛ በብዛት የሚነገርባቸው ናቸው። ሜልቦርንም ያው ነው። በእነዚህ ቦታዎች ከእናቱ ጋር ሆስፒታል ገብቶ ያላስተረጎመ ልጅ የለም። ስናስተረጉም ደግሞ እናሳጥራለን፤ እናለዝባለን፤ የማያምረውን እንዘላለን። እናታችንም በልጇ አፍ የምትናገር ስለሆነ ልጇን የሚከፋውን አትናገርም። እኔ «ማቆም ትፈልጋለች» ስል አልዋሸሁም። ግን በአንድ ቃል ውስጥ የነበረውን ሁሉ ትቼ አንዱን ብቻ አነሳሁ፤ ያነሳሁትም ለእኔ የሚቀለውን ነበር።

የሚቃወሙኝን አውቃለሁ። አጥር ሲበዛ ራሱ ሥቃይ ይሆናል ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ካሊፎርኒያ በሁለቱ የቃል ጥያቄዎች መካከል 15 ቀን ይጠበቅ ትል ነበር። ብዙዎች ቀኑ ሳይሞላ እየተሠቃዩ ስለሞቱ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወደ 48 ሰዓት አሳጠረችው። ካንሰር አጥንቱ የገባበትን ሰው አስሬ እየጠየቁ ማድከም ጭካኔ ነው። ሃይማኖቴ በሞት ጉዳይ የሚለውን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ሕጉ ይኑር አይኑር አልከራከርም። ሕጉ ባለበት አገር ስላለው ሰው ነው የማወራው። የቀናቱ ብዛት ብቻውን ይሉኝታን አያወጣውም። አንድ ሰው «በቃኝ» ብሎ 15 ቀን ዝም ቢባል በ16ኛው ቀን ይሉኝታው ያው ነው። አክስቴን ያተረፋት ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰው ከአፏ ስላዳመጣት።

ስለዚህ ሕግ አውጪ ብሆን መጀመሪያ የማስገባው አንቀጽ ቀላል ነው። ሐኪሙ በታማሚው የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ዘመድ በሌለበት፣ «ምኑ ነው የበቃዎት?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በታማሚው ቃል ይመዝግብ። መልሱ መኪና፣ ኪራይ፣ የልጅ ሥራ ወይም ብቸኝነት ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይሞከርና ታማሚው እንደገና ይጠየቅ። መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላም ያው ጥያቄ ይደገም። ባለቤቲቱ «በሞቴ» የምትለው እንግዳው እምቢ የማለት መብት የለውም ብላ አይደለም። እምቢታው የእውነት መሆኑን ለማወቅ ሌላ መንገድ ስለሌላት ነው።

አገር ቤት ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ራስን ለማጥፋት መገፋፋትንም መርዳትንም ወንጀል ያደርጋል። የሞት አልጋ ግፊት ግን ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟቹን በመጨረሻው ዘመኑ ላከመው ሐኪም፣ ለመከረው የሃይማኖት አባት፣ ለኑዛዜው ምስክርና አስተርጓሚ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ በፍርድ ቤት ሊቀነስ ወይም ሊፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። ለቤትና ለመሬት ያን ያህል ከተጠነቀቅን ለነፍስስ?

ቅጽ ሳይሞላ «በቃኝ» የሚባለው እኮ አገር ቤትም ነው። በየሆስፒታሉ ኮሪደር ቤተሰቡ ሐኪሙን ጎትቶ «ለእሱ እንዳትነግረው» ይላል፤ ታማሚው ሳያውቅ ይወሰንለታል። ያወቀው ደግሞ «ቤቱን እንዳትሸጡብኝ፣ ወደ አገሬ መልሱኝ» ብሎ ሕክምናውን ያቆማል። ልጆቹም «አባታችን ቆራጥ ነው» እያሉ ይመልሱታል። ቆርጦ ይሁን አዝኖ፣ ማን ለብቻው ጠየቀው?

አንድ ነገር ደብቄአችሁ ነበር። አክስቴ «በቃኝ» ከማለቷ ጥቂት ቀናት በፊት፣ አንድ ጠዋት የመኪናውን በር ከፍቼ ስጠብቃት ሰዓቴን አየሁና ተነፈስኩ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ቃል አልወጣኝም፤ ብከሰስ ምስክር የለም፤ የትኛውም ጉባዔ ፊት ብቀርብ «አላስገደድኳትም» ብዬ እምላለሁ፣ ሐሰትም አይሆንብኝም። እሷ ግን ሰምታኛለች። ለአስተርጓሚዋም ነግራታለች፦ «ልጁ ይተነፍሳል።»