የአዳኝ ጥይትና ዋጋው

ጥይት በላስታ ምድር እንደ ዋዛ የሚባክን ነገር አልነበረም። አሞሌ ጨው በገበያ እንደ ገንዘብ በሚቈጠርበት ዘመን ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ጥይትም ከአሞሌው አጠገብ እንደ ምንዛሪ ይሰጥና ይወሰድ ስለ ነበረ፣ ዝናሩን የታጠቀ ባላገር በወገቡ የዞረው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጥሪቱም መሆኑን እያሰበ ይሄድ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሰሳ በገደል ጫፍ ብትቆምለት ወይም ድኩላ ከቍጥቋጦ ብትወጣለት፣ ርቀቱን በዓይኑ ሳይመጥን፣ የነፋሱን አነፋፈስ ሳያጤን፣ ጎኗን እስክትሰጠውም ድረስ ሳይታገሥ ቃታውን አይስብም ነበር። ይህን ትዕግሥት ያስተማረው ማጣት ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ነገር ግን ማጣቱ አልፎ ትዕግሥቱ ቢቀርልን ምንኛ በወደድሁ።

የጥይት ነገር በዚህ አገር ታሪክም ከባድ ምስክር አለው። ከዛጕዌ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚቈጠሩት ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እጅግ የበዛ ሠራዊት ቢያሰልፉም፣ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲመለስ የሰጣቸውን መድፍና ጠመንጃ ከነጥይቱ የያዙት፣ ወታደሮቻቸውንም በእንግሊዛዊው ኪርካም ያሠለጠኑት ካሳ ምርጫ፣ በ1863 ዓ.ም. ክረምት ዐድዋ አጠገብ በአሰም ላይ በጥቂት ሰው ድል አደረጓቸው፤ ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ያን ቀን የፈረደው የጦር ብዛት ሳይሆን ለሥራው የተስማማ ጥይትና በእርሱ የሠለጠነ እጅ ነበረ። ስለ አደን ጥይት ልናገር የተነሣሁትም ይህንኑ ነው።

ማግነም የሚባለው የጥይት ወገን ቀለሁ ሰፊ፣ ባሩዱም ብዙ ስለ ሆነ እርሳሱን ከሌላው ይልቅ በፍጥነትና በብርታት ይሰድዳል። በ1912 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ያወጣው 375 ማግነም ዐሥራ ዘጠኝ ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ ሲተኵስ፣ ኃይሉ ሚሊሺያው በትከሻው ከሚያነግተው የካላሽኒኮቭ ጥይት ኃይል ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ጎሽንና ዝሆንን ለመሰሉ አደገኛ አራዊት ከዚህ ባነሰ ጥይት መተኰስ በሕግ የተከለከለ ነው። በባሌና በአርሲ ደጋ ለሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ለማይገኘው ደጋ አጋዘን ደግሞ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው 300 ዊንቸስተር ማግነም በቂ ነው፤ ጥንታዊው 30-06ም ቢሆን በተረጋጋ እጅ ከተያዘ አያሳፍርም።

ኃይል ብቻውን ግን አዳኝን አዳኝ አያደርገውም። ከሺህ የሚበልጡ ዝሆኖችን የገደለው ስኮትላንዳዊው ቤል፣ አብዛኞቹን የጣለው ዛሬ የጎሽ አዳኞች በሚንቁት በ7 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጥይት ነበር፤ የዝሆንን የራስ ቅል አሠራር ጠንቅቆ አጥንቶ አንጎሉ ያለበትን ሥፍራ ያውቅ ነበርና። የቤልን የጭፍጨፋ ቍጥር አላደንቅም፤ ዕውቀቱን ግን አለማድነቅ አይቻልም። ትከሻውን ከሚያደቅቀው ትልቅ ጠመንጃ የተነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ የሚስብ ሰው፣ በሚችለው መካከለኛ ጠመንጃ ልክ ከሚመታው ሰው ይልቅ በፍጥረት ላይ ይጨክናል።

በእኛ ዘንድ የጥይት ምርጫ የሥርዓት ጉዳይም ነው። ክርስቲያን አዳኝ የጣለውን እንስሳ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ በስመ ሥላሴ ባርኮ ካላረደው በስተቀር ሥጋው በክት ነው፣ አይበላም፤ ስለዚህ በማይረባ ጥይት ሆዱን ተወግቶ ወደ ገደል የሮጠ ድኩላ ለአዳኙም ለቤተሰቡም አይሆንም፣ ሥቃዩ ብቻ ይቀራል። የጦር ሜዳ ጥይት ደግሞ ለዚሁ ሥቃይ የተዘጋጀ ያህል ነው፤ እርሳሱ በጠንካራ መዳብ ዙሪያውን ስለ ተሸፈነ ሥጋን ቀዶ ያልፋል እንጂ አይዘረጋም። በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው ገላ ውስጥ የሚዘረጋውን ጥይት በጦርነት እንዳይተኰስ ሲያወግዙ ቍስለኛውን ሰው አስበው ነበር፤ ለአደን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ አፉ ለስላሳ ሆኖ በገላ ውስጥ የሚዘረጋው ጥይት ፈጥኖ ስለሚገድል ለእንስሳው ምሕረት ይሆንለታል። ለጎሽና ለዝሆን ወፍራም አጥንት ብቻ ነው የማይዘረጋው ድፍን ጥይት የሚያስፈልገው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። አንዲት የማግነም ጥይት በውጭ ገበያ ከጥቂት ዶላር እስከ ዐሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታወጣለች፤ ይህም ለእኛ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በሺህ ዶላር የሚቈጠር የአደን ፈቃድ ከፍሎ፣ መሪና ድንኳን ተከራይቶ ሲያበቃ በጥይት ላይ የሚቈጥብ አዳኝ፣ የቍጠባውን ዋጋ በአጋዘኑ ገላ ላይ ያስከፍላል። በእኔ አስተያየት ወደ ዱር የሚወሰዱት ጥቂቶቹ ጥይቶች ወጪ አይደለም የሚያሳስበው፤ ከባዱ ወጪ ቀደም ብሎ በዒላማ ሜዳ ላይ የሚተኰሱት ናቸው። ያውም የደጋ አደን የራሱ ፈተና አለው፦ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በቈላ የተስተካከለ ጠመንጃ በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ጥቂት ወደ ላይ ይመታል፤ በቀጥ ባለ ገደልም፣ ወደ ላይ ቢተኰስ ወይም ወደ ታች፣ እርሳሱ ከታሰበው ከፍ ብሎ ያርፋል። ይህን በልምምድ እንጂ በወሬ የሚያውቀው የለም። ለልምምዱ የሚበቃ ጥይት መግዛት የማይችል፣ ርካሽ ጥይት የሚጐርስ ሌላ ጠመንጃ ይያዝ፤ ያም ካልሆነለት አደኑን ይተው እንጂ ጥይት ቈጥቦ አይውጣ።

ይህ ሁሉ ለላስታ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ከላሊበላ ከተማ በላይ የሚታየው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ጎልማሶቹ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ በጥቂት መንጋ ይኖርበታል፤ ጭላዳውም በገደሉ ዳር ሣር ይነጫል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ ላሊበላ ከደረሰ ወዲህ ጥይት በየቤቱ በዝቷል፤ ጭላዳ ገብስ ነቀለብኝ ብሎ ወይም እንዲያው እጁን ለመሞከር የካላሽኒኮቭ አፈሙዙን ወደ ተራራው የሚያዞር ጎረምሳ፣ የአያቶቹን ትዕግሥት ጥሎ የጦርነቱን ብክነት ወርሷል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል፣ አንበሶችና ነብሮች ዙሪያቸውን ከብበው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እየተሳለመ ላደገ ሰው ይህ የሚገባ አይደለም። ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለመግደል የሚመረጥ ጥይት የለም፤ ማግነምም ሆነ ሌላ።

የሞተውን የሚበላው ጥንብ አንሳም አይዘንጋ። በገላ ውስጥ የተበተነው የእርሳስ ስብርባሪ ሬሳውን የሚበሉትን አሞሮች እንደሚመርዝ ስለ ታወቀ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ፈጽሞ ከልክሏል፤ ከመዳብ ብቻ የሚሠሩ የማግነም ጥይቶችም ወጥተዋል። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰማይ አሞራ ያጣ ቀን ሬሳውን የሚያነሣልን ማን ነው?

ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቍጥር 1177 በወጡባት በዚህች አገር፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከአዳኙ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ችሎታንም አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባል። ከአደኑ በፊት አዳኙ በሚያድንበት ጠመንጃና ጥይት፣ በሚያድንበት ከፍታ ላይ፣ በመሪዎቹ ፊት ዒላማ ይምታ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ካልመታ ገንዘቡ ተመልሶለት ይሂድ። የፈተናውንም ጥይት ራሱ ይክፈል።