ጫጫታ ነው ወይስ ዜማ?

የድሬዳዋ ሰው ሙዚቃ አይወድም ብሎ የሚከራከር ቢገኝ፣ ያ ሰው ከተማዋን በመኪና መስኮት አይቶ ያለፈ ብቻ መሆን አለበት። ፀሐይ ጠልቃ ሙቀቱ ጋብ ሲል ከመጋላ ወደ ከዚራ በእግሩ የሚሻገር ሰው፣ ካንዱ ቤት ዓሊ ቢራን፣ ከሁለተኛው ያረብ ዑድን፣ ከሦስተኛው የሶማሌ ዘፈን ይሰማል። ጎረቤት በጎረቤቱ ዘፈን አይቆጣም። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጂቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና፣ ከሩቅ የመጣ ነገር ለድሬዎች እንግዳ ሆኖ አይቆይም። ይሁን እንጂ ባሁኑ ጊዜ አንዳንድ ወላጆችን ያስቸገረ አንድ ነገር አለ። ልጃቸው በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንደሚሰማ ቢጠይቁት «ሮክ ነው» ይላል።

ከማስተምራቸው የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ቢያነበው ያፍራል። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ፣ በሒሳብ ደኅና፣ ባማርኛ ድርሰት ግን ከጓደኞቹ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ባለፈው ዓመት አጋማሽ አባቱ ተማሪ ቤት ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። በቀድሞው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብዙ ዘመን የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። በድሬዳዋ አንቱታ እምብዛም እንደማይዘወተር አንባቢ ያውቃል፤ እሳቸው «አንተ» ሲሉኝ እኔ «እርስዎ» እያልኩ ተነጋገርን።

«አቦ መምህር፣ ይኸን ልጅ ምከርልኝ» አሉ። «ቀንም ሌትም ጫጫታ ይሰማል። ከበሮው የወርክሾፕ መዶሻ ነው፤ ጊታሩ ብረት ሲሞረድ የሚጮኸውን ይጮኻል። እኔ ይኸንን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ስሰማ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር፤ እሱ በነፃ ይሰማዋል!»

ሣቅሁ። ነገሩ ግን የሚያሥቅ ብቻ አልነበረም። ካዲስ አበባ አንድ ባንድ ሊመጣ ነው ተብሎ ልጁ ቅዳሜ ማታ ሄዶ ለመስማት ፈቃድ ጠይቆ ኖሯል፤ አባት ከለከሉ። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ መናገር ተወ። እናቱ ከሞተች ቆይታለች፤ እሱም አባቱ በስተርጅና የወለዱት አንድ ልጅ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ባሉበት ቤት አንደኛው ዝም ሲል እራት እንዴት እንደሚበላ መገመት አያስቸግርም። ሽማግሌው ተማሪ ቤት ድረስ የመጡት ስለ ጫጫታው ሳይሆን ስለ ዝምታው ይመስለኛል።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልናገር። ክላሲክ ሮክ የሚባለው ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በእንግሊዝና ባሜሪካ የተቀረፀው የኤሌክትሪክ ጊታር ሙዚቃ ነው። ስሙን ያወጡለት ያሜሪካ ራዲዮ ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው የሰሙትን ሸክላ መልሰው መስማት ለሚፈልጉ ጎልማሶች ያሰቡት ስም ነው። ሌድ ዘፐሊን፣ ዲፕ ፐርፕል፣ ፒንክ ፍሎይድ፣ ኩዊን፣ ጂሚ ሄንድሪክስ የዚህ ወገን ናቸው። እንግዲህ አባትየው የዛሬ ልጆች ጫጫታ የሚሉት ሙዚቃ ከልጃቸው ይልቅ ለራሳቸው ዕድሜ የቀረበ ነው። ይህን ብነግራቸው አላመኑኝም።

ጊታር መማር የሚጀምር ወጣት በመላው ዓለም መጀመሪያ ከሚሞክራቸው ዜማዎች አንዱ የዲፕ ፐርፕል ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1971 በስዊስ አገር በሞንትሩ ከተማ፣ ፍራንክ ዛፓ ከነጓዶቹ ሲጫወት ከተመልካቾቹ አንዱ የርችት ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኩሶ አዳራሹ ተቃጠለ። ሸክላ ሊቀርፁ ወደዚያው ከተማ መጥተው የነበሩት ዲፕ ፐርፕሎች ጢሱ በሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ አዩና ዘፈን አደረጉት። መሪው ዜማ አራት ድምፅ ብቻ ነው። ተማሪዬ ከጓደኛው በተዋሰው፣ ካሉት ስድስት ክሮች ሦስቱ በተበጠሱበት ጊታር ይህንኑ ዜማ ለመልቀም ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሦስቱ ክር በቅቶታል!

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቀርቦ «ቲቸር፣ ይህን ሙዚቃ መጀመሪያ ስሰማ ድሮ የማውቀው መሰለኝ፤ ለምን ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ሊንቁት የሚገባ አይደለም። የሮክ ጊታር ተጫዋች ሌሎቹ ጋብ ብለውለት ለብቻው ሲጫወት ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው ባምስት ድምፆች ላይ ነው። እነዚህንም ብሉዝ ከሚባለው ካሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ወርሷል። የኛም ቅኝቶች፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም፣ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ከነሱም ውስጥ የሙዚቃ መምህራን «ባቲ ማይነር» የሚሉት ድርድር ከሮኩ አምስት ድምፅ ጋራ አንድ ነው። አንዱ ካንዱ ሰረቀ ማለቴ አይደለም፤ ምቱም አጊያጌጡም ልዩ ልዩ ነው። መሰላሉ ግን አንድ ስለ ሆነ፣ በኛ ዘፈን ያደገ ጆሮ የጂሚ ሄንድሪክስን ጊታር ሲሰማ እግሩን የሚያሳርፍበት አያጣም።

ስለ ጩኸቱም ቢሆን የምለው አለኝ። የጊታሩ ድምፅ የሚሻክረው ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲጫን ነው። በመጀመሪያ ጉድለት የነበረውን ነገር ተጫዋቾቹ ወደውት ሆን ብለው ጌጥ አደረጉት። ይህን ሲሰሙ «ምን ዓይነት እብደት ነው!» የሚሉ ሰዎች በገናን ቀርበው ይመልከቱ። የበገና ክሮች ብርኩማው ላይ ሲያርፉ፣ በክሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ክሩ በተመታ ቁጥር ቆዳውን እየነካ ያ በዐቢይ ጾም የምናውቀው የሚያጉረመርም ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፤ በገናነቱ ግን ይቀራል። እንግዲህ አባቶቻችንም ጥርት ያለው ድምፅ ብቻ ያማረ ነው ብለው አላመኑም።

ልጁን ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነበር። ኩዊንን ሲወድ፣ እነሱ ከተጫወቱባቸው መድረኮች ሁሉ ስመ ጥር የሆነውን ፊልም በእጅ ስልኩ ፈልጎ አየ። ይህ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን በዌምብሌ ስታዲየምና ባሜሪካ በፊላደልፊያ ባንድ ቀን የተደረገው ላይቭ ኤይድ ነው። በዌምብሌ ብቻ ወደ 72,000 ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኩዊኖች ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫውተው ስታዲየሙን ባንድ እጅ አስጨበጨቡት። በፊላደልፊያ ሌድ ዘፐሊኖች ከተለያዩ በኋላ እንደገና ተገናኝተው ተጫወቱ፤ ነገር ግን ራሳቸው ሥራቸውን ስላልወደዱት ኋላ በወጣው ዲቪዲ እንዳይገባ ከለከሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው በአገራችን ረኃብ ለተጎዳ ሰው ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው።

ልጁ ይህን አላወቀም ኖሯል። ጊታር ሊሰማ ገብቶ ዴቪድ ቦዊ ከተመደበለት ጊዜ አንድ ዘፈን ቀንሶ ያስገባውን የረኃብተኞች ፊልም አየ። በማግሥቱ «ቲቸር፣ እኛን የሚያውቁን በዚህ ብቻ ነው?» አለኝ። ልጁ የሚወዳቸው ሙዚቀኞች ደግ ሥራ ሠርተዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን በሁለቱ መድረኮች ካንዱም ላይ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ አልቆመም። ከዚያ አስቀድሞ በዚያው ዓመት ያወጡት የመርጃ ዘፈን ደግሞ፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ስለኛ ይጠይቃል። ከነሱ በፊት ገናን ስናከብር የኖርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ብንሥቅ ይቅር ሊሉን ይገባል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሮሐ ባንድ ሰላም ሥዩምን ከመሰለ ጊታር ተጫዋች ጋራ በየካሴቱ ይጫወት ነበር። ዌምብሌ አልሰማውም እንጂ ጊታሩ እዚህም ነበረ። ይህንንም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢል ላስዌል ከተባለው አሜሪካዊ ጋራ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ያወጣውን ጃኖ ባንድንም ነገርኩት። የአፋርን እሳተ ገሞራ ስም የያዘ የሮክ አልበም መኖሩ ደስ አሰኘው።

ወደ አባትየው ልመለስ። ፈቃድ የተገኘው እኔ አብሬው እንድሄድ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊትም በባጃጅ ከደጃፋቸው እንዳደርሰው በሚል ውል ነው። ቦታው ከዚራ ውስጥ ያለ ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። የመግቢያው ዋጋ ለተማሪ ቀርቶ ለመምህርም ቀላል አልነበረም። ባንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ፤ ይህ የተለመደ ነው።

ሲጀምሩ ልጁ ደረቱን በእጁ ያዘ። የቤዝ ጊታር ድምፅ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በአጥንት እንደሚሰማ የእጅ ስልክ ነግሮት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ዐይኑ ከከበሮ መቺው ቀኝ እግር አልተነሣም። በሦስተኛው ዘፈን መካከል የጊታር ተጫዋቹ አንድ ክር ተበጠሰ። ሰውዬው አላቆመም፤ ፊቱን ጥቂት ጨምደድ አድርጎ ጣቶቹን ወደ ሌሎቹ ክሮች አሸጋግሮ ጨረሰው። ልጁ ክንዴን ጨበጠ። ሌላው ተመልካች ያላየውን፣ ሦስት ክር በቀረው ጊታር የተማረው ልጅ አየው።

ወደ መጨረሻው አንድ የዓሊ ቢራ ዘፈን አነሡ፤ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በከባድ ከበሮ፣ ማጉያው እየተሰነጠቀ። ግቢው በሙሉ አብሮ ዘፈነ። ልጁም ዘፈነ። ቃሉን መቼ እንደ ተማረው ብጠይቀው «እኔ እንጃ፤ አባባ ሲላጭ ይዘፍነዋል» አለኝ።

ዓሊ መሐመድ ሙሳ በድሬዳዋ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮሞ ሙዚቃ ጓድ ገባ፤ ቢራ የሚለውንም ስም ያተረፈው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ያ ጓድ በሠርግ ቤት እየተጫወተ ዝናው ሲሰማ መንግሥት በበጎ ዐይን አላየውም፤ ኋላም ታገደ። ዓሊ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ። ዑድና ጊታር ይጫወት ነበር፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና ባረብኛ ዘፍኗል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ 28ኛው ሸክላ ለሱ ሙዚቃ ተመድቧል። የሮክ ጊታር የሚወድ የድሬ ልጅ ጊታር የያዘውን የድሬ ሰው ለማወቅ ሩቅ አይሄድም፤ ግን አንድ ሰው ከፊቱ ቆሞ ካልተጫወተለት ሁለቱን አያገናኛቸውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዛሬ ብዙው ሠርግ ባንድ ኪቦርድና ባንድ ዘፋኝ ያልቃል፤ ከበሮ መቺና ቤዝ ተጫዋች ቆመው የሚታዩበት ምሽት እየሳሳ ነው። ወላጆች ልጆቻቸው እንዲህ ያለውን ምሽት ከሚያዩ ይልቅ ሳያዩ እንዳያድጉ ቢሠጉ ይሻላል።

በሰኞው ሽማግሌውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «አሳመማችሁት!» አሉኝ፤ ዘፈኑን ማለታቸው ነው። ልጁ እቤት ገብቶ ባንዱ የዓሊን ዘፈን እንዴት እንደተጫወተው በአፉ እያሰማ፣ በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ አሳይቷቸው ኖሯል። «ያ ዘፈን እንዲህ አይሮጥም። እኔ ልጅ ሆኜ አፍረን ቀሎ ሠርግ ላይ ሲጫወቱ ግንብ ላይ ተንጠልጥዬ ሰምቻለሁ፤ ለዚያውም ተገርፌበታለሁ። ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ግመል ሲሄድ አላየህም?» አሉኝ። ልጁ ደግሞ ፈጥኖ ይሻላል ይላል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ በዚሁ ሲከራከሩ ከርመዋል፤ እራት ላይ ጭምር።

ጊታሩን ግን አልገዙለትም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ይለፍ ብለዋል። እስከዚያው ከታይዋን ገበያ ሦስት ክር ሊገዙለት ቃል ገብተዋል።