ጉበት ውስጥ የሚያደባው ወባ

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ዓመሉ ክፉ ነው። ገበሬው ኪኒኑን ጨርሶ፣ ትኩሳቱ ለቆት እርሻው ላይ ከዋለ ከወራት በኋላ፣ ጉበቱ ውስጥ ተኝቶ የከረመው ተሕዋስ ይነሳና በአጨዳ መሐል ያንቀጠቅጠዋል። ፋልሲፓረም እንደተባለው ሌላ የወባ ዝርያ በቤተ ሙከራ አይራባምና ጥናቱ ለዓመታት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የዘረመል ተመራማሪዋ ጄን ካርልተን ግን አልተዉትም። እርሳቸው የመሩት ቡድን የቫይቫክስን ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘረመል ቅንብሩን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ፤ የፋልሲፓረም ከወጣ 6 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ያስቆጫል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ደግሞ ትሪኮሞናስ የተባለውን ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ጂኖም አውጥተዋል።

ቫይቫክስ በብዛት ከሚገኝባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከመተሐራም ከጋምቤላም በሚወሰደው የደም ጠብታ ውስጥ ያለው የተሕዋሱ ጂኖም እዚሁ እንዲነበብ ለወጣት ተመራማሪዎቻችን መሣሪያና በጀት ይመደብላቸው።