የከተማ ውሻ ካፋ ጫካ ምን ይሠራል?

ቅዳሜና እሁድ ውሻውን ይዞ እንጦጦን ወይም መናገሻን መውጣት የለመደ የአዲስ አበባ ሰው፣ ቀጣዩ ሀይኪንጉ ቦንጋ ቢሆን አይገርምም። አገሩ አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ይስማማል፣ ፎቶውም ያምራል። ውሻው ግን ቤቱ ይቅር። ይህን ማለት ውሻ መጥላት አይደለም።

የካፋ ደን መናፈሻ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው፣ የጫካ ቡና የሚበቅልበት፣ ጉሬዛና ነብር የሚኖርበት ደን ነው። አንበሳም አለው። አንበሳን ከሜዳ ጋር ብቻ የሚያያይዝ ሰው ይህን ሲሰማ ይጠራጠር ይሆናል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የካፋ ደን አንበሳ ፎቶው ወጥቶ ዓለም አይቶታል።

አንበሳና የቤት ውሻ ምን አገናኛቸው? ዲስቴምፐር የሚባል የውሻ በሽታ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1994 ይህ ቫይረስ ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ገብቶ ከፓርኩ አንበሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ ማለትም ወደ 1,000 የሚጠጉትን ፈጀ። ተመራማሪዎች መነሻው በዙሪያው ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ውሾች እንደሆኑ ነው ያመኑት። ሴሬንጌቲ ብዙ አንበሳ ስለነበረው አገገመ። ካፋ ያን ያህል አንበሳ የለውም።

ታንዛኒያ ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ ባሌ እዚሁ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ የቀረውም ከ500 አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ባሌ ወብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። ቆይቶ ዲስቴምፐርም ተከተለ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው ለሰው ነገር ነበር፤ ባሌ ላይ ግን ቃል በቃል ሆነ፣ የገባው ጅብ ሳይሆን በሽታ መሆኑ ብቻ ይለያል።

እዚህ ላይ «የገበሬው ውሻስ? እሱም ጫካ ይገባ የለ!» የሚል መልስ ይመጣል። ይገባል። የካፋ ገበሬ ውሻ ግን ሥራ አለው። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከጃርት ይጠብቃል፣ ሌሊት በረት ደጅ ያድራል። ውሻው ካልተከተበ ተወቃሹ ገበሬው ሳይሆን ክትባቱን እስከ ቀበሌ ማድረስ የነበረበት አካል ነው። ደግሞስ የመንደሩ ውሻ ካልተከተበ የከተማውን ውሻ ወደዚያ መውሰድ ምን ዓይነት ብልሃት ነው? በሽታው የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። እዚያ የተነከሰ ውሻ ተመልሶ የሚተኛው አዲስ አበባ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

«የኔ ተከትቧል» የሚለውም መልስ አይበቃም። ለየትኛው? የእብድ ውሻ ክትባት ዲስቴምፐርን አይከላከልም። ለሁለቱም በወቅቱ የተከተበ፣ ማሰሪያውም የማይፈታ ውሻ አደጋው እጅግ ያነሰ መሆኑን መካድ አይቻልም። ግን ጉሬዛ አይቶ የማይጮህ ውሻ፣ ድኩላ ሲሮጥ አይቶ ዝም የሚል ውሻ የት ይገኛል? ባለቤቱስ ሁለት ሰዓት ዳገት ከወጣ በኋላ ማሰሪያውን አይፈታውም? ለውሻውም ቢሆን ጥሩ አይደለም፤ ነብር ውሻ ሲያገኝ አያልፍም።

ሀይኪንግ የሚያዘጋጁ ቡድኖች ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለው «ችግር የለም» ከማለት፣ ሲመዘግቡ ገና ውሻ እንደማይፈቀድ ቁርጡን ይናገሩ። ዞኑና የባዮስፌሩ አስተዳዳሪዎችም ነገሩን በእንግዳው በጎ ፈቃድ ላይ አይጣሉት፤ ወደ ደኑ እምብርት በሚያስገባው መንገድ ላይ በካፊኛም በአማርኛም ይጻፍ። ከእንግዳ ከሚሰበሰበው ገንዘብም ለመንደር ውሾች ክትባት ይመደብ፤ ከየትኛውም ሰሌዳ በላይ ደኑን የሚጠቅመው እሱ ነው።

ለሦስት ቀን ውሻውን አደራ የሚሰጠው ጎረቤት ያጣ ሰው ደግሞ፣ እንጦጦ አለለት። እዚያም ቢሆን በማሰሪያ።